በድጋሚ ስትሮክ ለተኙ ሕሙማን የማገገሚያ ሥራው በነርስ ቻርት ላይ ይታዘዝ

ለጤና ሚኒስቴር የሕክምና አገልግሎት ኃላፊዎች፣
ለሆስፒታል ሥራ አስኪያጆች፣ ለሜትሮኖችና ለውስጥ ደዌ ዋርድ አስተባባሪ ነርሶች

ጉዳዩ፦ ስትሮክ ደግሟቸው ተኝተው ለሚታከሙ ሕሙማን በነርስ የሚሰጥ የአካል ማገገሚያ እንክብካቤ

የስትሮክ መዝገብ በደንብ የሚይዙ አገሮች እንደሚያሳዩት ከአራት ስትሮክ አንዱ ገደማ የደገመ ነው። በእኛ ዋርዶች ግን የደገመው ሰው የሚያገኘው እንክብካቤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከታመመው ሰው አይለይም። ግፊቱ ይለካል፣ ሲቲ ስካን ይነሣል፣ መድኃኒቱ ይጀመራል፣ ቻርቱ ላይ "ፊዚዮቴራፒ" የሚል አንድ ቃል ይጻፍና ባለሙያው እስኪመጣ ይጠበቃል። አንድ ፊዚዮቴራፒስት ብዙ ዋርድ በሚያዳርስበት ሆስፒታል ሕመምተኛው በቀን ሃያ ደቂቃ ካገኘ ትልቅ ነገር ነው። የቀረውን ሃያ ሦስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ከነርስና ከአስታማሚ ጋር ያሳልፋል። ትከሻው የሚጎዳው፣ ጀርባው የሚቆስለው፣ ምግብ ወደ ሳንባው የሚገባው በዚያ ሰዓት ነው። ወደ ማገገም የሚወስደው ሥራም የሚሠራው ያኔ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ሥራ እንደ መድኃኒት በሰዓት እንዲታዘዝ፣ የሠራው ሰው እንዲፈርምበት፣ በሽፍት ርክክብ ጊዜም "ተሠራ ወይስ አልተሠራም?" ተብሎ እንዲጠየቅ ነው። ከዚህ በታች ምን ማለታችን እንደሆነ በዝርዝር እናስረዳለን።

ከመግቢያው ቀን እንጀምር። በመጀመሪያው ስትሮክ ቀኝ ጎኑ የደከመበት ሰው በግራ እጁ መብላት፣ በግራው ከዘራ መያዝ፣ በግራ እግሩ ተደግፎ መነሣት ለምዷል። ሁለተኛው ስትሮክ ግራውን ሲመታ ተደግፎበት የኖረው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። መዋጥንና መናገርን የሚያንቀሳቅሱ ነርቮች ከሁለቱም የአንጎል ክፍሎች ትእዛዝ ስለሚቀበሉ በመጀመሪያው ጊዜ ያልተጎዳው ወገን ይሸፍን ነበር። አሁን ሁለቱም ሲጎዱ መዋጥም ንግግርም በአንድ ጊዜ ይወድቃሉ። አንዳንዱ ሕመምተኛ ሳያዝን ያለቅሳል፣ ያለ ምክንያት ይስቃል። ቤተሰቡ "ተስፋ ቆርጧል" ይላል፣ ቻርቱ ላይም "አይተባበርም" ተብሎ ይጻፋል። ይህ የአንጎሉ ጉዳት ያመጣው ምልክት እንጂ ጠባይ አይደለም፤ ለሐኪሙ ከተነገረ የሚረዳ መድኃኒትም አለ።

ቻርት ላይ "የቀኝ ጎን ድካም" ብቻ የሚል ሲገኝ የትኛው የድሮ፣ የትኛው የትናንት እንደሆነ ማንም አያውቅም። ይህ ካልታወቀ ደግሞ ሌሊት ላይ አዲስ ድካም ቢመጣ ተረኛው ነርስ "ድሮም እንዲህ ነበር" ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ስለዚህ የተቀበለው ነርስ አብሮት የሚኖረውን ሰው መጠየቅ አለበት። ከዚህ ሕመም በፊት በነበረው ሳምንት ከአልጋ ብቻውን ይነሣ ነበር? ሽንት ቤት በራሱ ይሄድ ነበር? በየትኛው እጁ ይበላ ነበር? ሲጠጣ ትን ይለው ነበር? ድሮም የማይዘረጋ ጣት፣ ክርን ወይም ጉልበት አለው? መልሱ በባርተል መለኪያ ይመዝገብ፤ አሥር ተግባራትን አይቶ ከ0 እስከ 100 የሚሰጥ፣ ማንኛውም ነርስ በጥቂት ደቂቃ የሚሞላው መለኪያ ነው። የምንጠይቀው ሁለት ቁጥር እንዲጻፍ ነው፦ ከሕመሙ በፊት የነበረውና የዛሬው። ቀድሞ 60 የነበረ ሰው ዛሬ 15 ከሆነ ግባችን 60 ነው። 100ን ግብ አድርጎ የሚሠራ ቡድን በሁለተኛው ሳምንት ይሰላቻል፣ ቤተሰቡም የሕመምተኛውን ትክክለኛ መሻሻል ሳያየው ይቀራል።

የትኛው መድኃኒት መቼ ለምን እንደተቋረጠም በዚያው ወረቀት ላይ ይስፈር። በአገራችን የግፊት ኪኒን ተሻለኝ ተብሎ፣ ገንዘብ ሲያልቅ ወይም ጠበል ሲገባ ይቆማል። የጉሮሮ ሕመምን ተከትሎ በሚመጣ ሩማቲክ ትኩሳት ልባቸው የተጎዳ ወጣት ሴቶች ደግሞ ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት) ሲያቋርጡ የረጋ ደም ከልባቸው ወደ አንጎል ይሄዳል። ጠበሉም መድኃኒቱም አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ ያለ ንቀት የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋል፤ አልጋው አጠገብ የሚውለው ነርስ ለዚህ ከማንም ይቀርባል።

ሕመምተኛውን ከአልጋ ማስነሣት መቼ እንጀምር ለሚለው ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው አቨርት የተባለው ጥናት ግልጽ ትምህርት ሰጥቷል። በ5 አገሮች 2,104 ሕሙማንን ያሳተፈ ነበር። በመጀመሪያው 24 ሰዓት ውስጥ ደጋግሞና ረዘም ላለ ጊዜ ከአልጋ ማስነሣት በሦስት ወር ውስጥ የሚገኘውን ውጤት አባብሶታል። ይህ ማለት ግን በመጀመሪያው ቀን ምንም አይሠራም ማለት አይደለም። አቀማመጥ፣ የመዋጥ ምርመራ፣ የትኩሳትና የስኳር ክትትል ከመጀመሪያው ሰዓት ይጀምራሉ። ከ24 ሰዓት በኋላ ሁኔታው የተረጋጋ ሰው አጭር አጭር ጊዜ፣ በቀን ደጋግሞ ይነሣ። አንድ ጊዜ ለአንድ ሰዓት ከማስቀመጥ አራት ጊዜ ለአሥር ደቂቃ ማስቀመጥ ይሻላል። በዚያ ጥናት ሕሙማን የሚነሡት የላይኛው ግፊት ከ110 እስከ 220፣ የልብ ምት ከ40 እስከ 110፣ ኦክስጅን ከ92 በመቶ በላይ፣ ሙቀት ከ38.5 በታች ሲሆን ነበር። ደም ፈስሶ የመጣ ስትሮክ ከሆነ ሐኪሙ ያስቀመጠው የግፊት ወሰን ይቀድማል። አዲስ ራስ ምታት፣ መደንዘዝ ወይም የንቃት መቀነስ ከታየ መልሶ ማስተኛትና ወዲያው ሐኪም መጥራት ነው።

ማስቀመጡ በደረጃ ይሁን። ተኝቶ ግፊቱ ይለካ። የአልጋው ራስጌ ወደ 30፣ ከዚያ ወደ 60 ዲግሪ ከፍ ይበል፣ በየመካከሉ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቅ፣ ግፊቱ እንደገና ይለካ። የላይኛው ቁጥር ከ20 በላይ ከወረደ ወይም ፊቱ ከገረጣና ካላበው ያን ቀን እዚያው ላይ ይቁም። አልጋ ጫፍ ላይ ሲቀመጥ እግሮቹ መሬት ይርገጡ፤ የተንጠለጠለ እግር ሚዛን አይሰጥም፣ የአልጋው ጠርዝም ከጉልበቱ ኋላ ያለውን ደም ሥር ይጫነዋል።

አሁን ወደ አቀማመጡ እንግባ፤ ብዙ ጉዳት የሚደርሰው በዚህ ነውና ጊዜ እንወስዳለን። በደከመው ጎን ማስተኛት ብዙ ነርስና አስታማሚ የሚፈራው ነገር ነው። በትክክል ከተሠራ ግን ለዚያ ጎን ስሜት ይሰጠዋል፣ ጤነኛ እጁንም ለሥራ ነጻ ይተውለታል። ከማዞራችን በፊት የደከመውን ክንድ ከሰውነቱ ራቅ አድርገን እንዘረጋለን፣ አለበለዚያ ከሥሩ ተጠምዞ ይቀራል። ካዞርነው በኋላ እጃችንን ከጀርባው በኩል ከትከሻ አጥንቱ ሥር አስገብተን አጥንቱን ራሱን ወደ ፊት እናመጣለን፤ ክንዱን ይዘን አንጎትትም። መዳፉ ወደ ላይ ይዞራል። የደከመው እግር ከታፋ ቀጥ፣ ከጉልበት በትንሹ ጎበጥ ይላል። ጤነኛው እግር ወደ ፊት ታጥፎ ትራስ ላይ ያርፋል፣ ከጀርባም ትራስ ይደረጋል። ከመሄዳችን በፊት መዳፋችንን ከትከሻው ሥር እንሰድዳለን። የምናገኘው ጠፍጣፋው የትከሻ አጥንት ከሆነ ልክ ነው። ሹል የሆነው የትከሻ ጫፍ እጃችንን ከወጋን ክብደቱ መገጣጠሚያው ላይ ወድቋል ማለት ስለሆነ እንደገና እናስተካክላለን። በተሻለው ጎን ሲተኛ ደግሞ የደከመው ክንድ ከፊቱ በትከሻው ቁመት ልክ ትራስ ላይ ይረፍ፣ እጁ ከትራሱ ጫፍ አይንጠልጠል። በጀርባ መተኛት የመጨረሻው ምርጫ ይሁን፤ ስትተኛም ስትነቃም በጀርባ የዋለች ታካሚ መጀመሪያ የምትቆስለው በመቀመጫዋ አጥንትና በተረከዟ ነው።

ሁለቱም ጎኖቹ የተጎዱበት ሰው ላይ "ጤነኛው ጎን" የሚባል ላይኖር ይችላል። የትኛው የተሻለ እንደሆነ ነርሱና ፊዚዮቴራፒስቱ አይተው ከአልጋው ራስጌ ይጻፉት፣ ሲለወጥም ይቀየር።

ስለ ትከሻ ያለን ማስጠንቀቂያ ጠንካራ ነው። ትከሻን በጉድጓዱ የሚይዙት ጡንቻዎች ሲደክሙ የክንዱ ክብደት ወደ ታች ይጎትተዋል፤ ከትከሻው ጫፍ በታች ጣት የሚያስገባ ስርጉድ ይታያል። እንዲህ ያለውን ሰው በብብቱ ይዞ ማንሣት በየዋርዱ የሚታይ ስሕተት ነው። ሁለት ዘመድ ግራና ቀኝ በብብቱ ገብተው "እ...ሺ" ብለው ሲያነሡት የሚነሣው ትከሻው እንጂ ሰውነቱ አይደለም። ከዚያ በኋላ ለወራት የሚቆይ ሕመም ይመጣል፣ ሕመሙም እጁን እንዳያንቀሳቅስ ያደርገዋል። የሚያዘው በትከሻ አጥንቱ ወይም በወገቡ ነው። ለወገብ መያዣ የሚሆን ቀበቶ ከሌለ በርዝመቱ የታጠፈ አንሶላ ወገቡ ላይ በደንብ ታስሮ ይሠራል። የደከመውን ክንድ ስናንቀሳቅስ ያለ ፊዚዮቴራፒስቱ ምክር ከትከሻ ቁመት በላይ አናነሣም። እያንዳንዱ መገጣጠሚያ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው ከአምስት እስከ አሥር ጊዜ፣ በቀስታና ሕመም እስከሚጀምርበት ድረስ ብቻ ይንቀሳቀስ። ወጌሻ ተጠርቶ ያን ትከሻ በኃይል እንዳያሽና እንዳይጎትት ለቤተሰቡ በመጀመሪያው ቀን ይነገር፤ ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ሲነገር ይዘገያል።

ሌላው የሚዘነጋ ነገር ካኑላ (መድኃኒት የሚሰጥበት ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ነው። ስሜት በሌለው እጅ ላይ ከተተከለ መድኃኒቱ ከደም ሥር ወጥቶ ሲያብጥ ሕመምተኛው አይናገርም። በቀረችው ደህና እጅ ክርን መታጠፊያ ላይ ከገባ ደግሞ ያቺ እጅ ታሰረች። በደህናዋ እጅ በክርኑና በእጅ አንጓው መካከል ይተከል፣ መስመሩ ሳያስፈልግ አንድ ቀን እንኳ አይቆይ።

ከአልጋ ወደ ወንበር ሲዛወር ወንበሩ በተሻለው ጎን፣ ወደ አልጋው ሰያፍ ሆኖ ይቀመጥ። ፍሬኑ ይያዝ፣ የእግር ማሳረፊያው ይነሣ። እግሮቹ ከጉልበቱ ትንሽ ወደ ኋላ መሬት ይርገጡ። ነርሱ የደከመውን ጉልበት በራሱ ጉልበት ከፊት ይደግፍ፣ ሕመምተኛው አፍንጫው ከእግሩ ጣቶች በላይ እስኪሆን ወደ ፊት ያጎንብስ፤ ያኔ መቀመጫው በራሱ ከአልጋው ይለቃል። ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ወደ ላይ የሚጎተት ሰው ይከብዳል፣ ይወድቃልም። ሁለቱም እግሮቹ ለደከሙበት ሁለት ሠራተኛ ግድ ነው። በአስታማሚ ብቻ አይሞከር።

አሁን ወደ መዋጥ። እ.ኤ.አ. በ2011 በአውስትራሊያ በ19 የስትሮክ ክፍሎች የተካሄደው ክዋስክ የተባለ ጥናት ነርሶች በራሳቸው የሚጀምሩትን ሦስት ነገር ፈተሸ፦ ትኩሳት፣ ስኳርና መዋጥ። ይህን ባደረጉ ክፍሎች በ90 ቀን ውስጥ የሞተው ወይም የሰው ጥገኛ ሆኖ የቀረው ሰው በመቶኛ ሲሰላ በ15.7 ነጥብ አነሰ። ይህ ውድ መሣሪያ አልጠየቀም፤ ቴርሞሜትር፣ ግሉኮሜትርና የሠለጠነ ነርስ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ሙቀት በየአራት ሰዓቱ ይለካ፣ 37.5 ከደረሰ ፓራሲታሞል ይሰጥ።

የመዋጥ ምርመራው ከማንኛውም ምግብ፣ ውኃና ኪኒን በፊት ይደረጋል። ሕመምተኛው ነቅቶ ቀጥ ብሎ መቀመጥ፣ አፉም መጽዳት አለበት። እንዲያስል፣ "አአ" እንዲል ይጠየቅ፣ ድምፁ ይደመጥ። አንድ የሻይ ማንኪያ ውኃ ሦስት ጊዜ ይሰጥ፣ በእያንዳንዱ ማንቁርቱ ወደ ላይ ሲነሣ በጣት ይዳሰስ፣ እንደገና "አአ" ይበል። ካለፈ 90 ሚሊ ሊትር ውኃ ሳያቋርጥ ከኩባያ ይጠጣ። ካሳለ፣ ድምፁ እርጥብ ወይም የሚንቦራጨቅ ከሆነ፣ ትንፋሹ ከተለወጠ ይቁም፣ በአፍ ምንም አይሰጥ፣ በማግስቱ ይደገም። ምንም ሳያስሉ ወደ ሳንባቸው የሚያስገቡ ሰዎች አሉ፤ ስለዚህ ካለፈም በኋላ ትኩሳትና ትንፋሹ ይታይ።

ከሆስፒታሎቻችን ልማድ ጋር የሚጋጨው ቦታ እዚህ ነው። ምግብ የሚያበላው ዘመድ ነው፣ የሚመጣውም ከቤት ነው፣ "ጉልበት ይሁነው" ተብሎ አጥሚት በጀርባው ለተኛ ሰው ይንቆረቆራል። ይህን በቁጣ መከልከል አይሠራም። በአልጋው ራስጌ "በአፍ ምንም አይሰጥ" ተብሎ በትልቁ፣ በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋ ይለጠፍ፣ ምክንያቱም ይነገራቸው። ሕመምተኛው ወፍራም ነገር መዋጥ ሲጀምር ወፈር ያለ አጥሚትና ጓል የሌለበት ወፍራም ሽሮ ከሻይና ከውኃ ይሻላሉ፤ ቀጭኑ ፈሳሽ ፈጥኖ ስለሚወርድ ነው የሚያስቸግረው። መረቅ ውስጥ የተነከረ እንጀራ አደገኛ ነው፤ ፈሳሹ ቀድሞ ይወርዳል፣ ጠጣሩ አፍ ውስጥ ይቀራል። በሻይ ማንኪያ፣ አንዱ ሳይዋጥ ሌላው ሳይጨመር፣ አገጩን ወደ ደረቱ ዘንበል አድርጎ ይብላ። የደከመው ጉንጩ ውስጥ የተከማቸ ምግብ እየታየ ይውጣ። ከበላ በኋላ ሠላሳ ደቂቃ ተቀምጦ ይቆይ። ሳይዋጥ አፍ ውስጥ የቆየ ምራቅ ከነተሕዋስያኑ ወደ ሳንባ ስለሚገባ በቱቦ የሚመገበውም ሰው አፉ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይጽዳ። በጾም ወቅት "አልበላም" የሚሉ እናቶች ሲያጋጥሙ የንስሐ አባታቸው አንድ ቃል ቢናገሩ ከእኛ ብዙ ቃል ይበልጣል፤ ቤተሰቡ እንዲያገናኛቸው ይጠየቅ።

የአፍንጫ ቱቦ ከገባ ቦታው ከእያንዳንዱ ምግብ በፊት ይረጋገጥ፦ ከአፍንጫው ጫፍ ላይ ያለው የሴንቲ ሜትር ቁጥር አልተለወጠም? በቱቦው የተቀዳው ፈሳሽ በፒኤች ወረቀት (የአሲድ መጠን መለኪያ) 5.5 ወይም ከዚያ በታች ነው? አየር እየነፉ ሆድ ላይ በስቴቶስኮፕ ማዳመጥ ብቻውን ቱቦው ሳንባ ውስጥ አለመሆኑን አያረጋግጥም። መድኃኒት ፈጭቶ በቱቦ ከመስጠት በፊት ፋርማሲስቱ ይጠየቅ። ቀስ ብሎ እንዲለቀቅ የተሠራ ኒፌዲፒን የተባለ የግፊት ኪኒን ከተፈጨ ሙሉው መጠን በአንድ ጊዜ ይገባና ግፊቱን ቁልቁል ይጥለዋል፣ የተጎዳው አንጎልም ደም ያጣል።

ስለ ቆዳ፦ በየሁለት ሰዓቱ መገልበጥ ሁሉም ያውቀዋል፣ የሚጎድለው መመዝገቡ ነው። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ የአልጋ ቁስል መጀመሪያው ቀይ ሆኖ አይታይም፤ በእጅ ሲዳሰስ የሚሞቅ፣ የሚጠነክር፣ ከአካባቢው ይልቅ የጠቆረ ቦታ ይፈለግ። ተረከዝ ከፍራሹ ተነሥቶ ትራሱ ከባት ሥር ይሁን። እግርን አጥብቆ የሚይዝ ረጅም ካልሲ ቤተሰብ እንዲገዛ ማዘዝ ይቁም፤ ክሎትስ የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2009 ካልሲው የእግር ደም መርጋትን እንደማይከላከል፣ ቆዳንም እንደሚያቆስል አሳይቷል። የሽንት ካቴተርም ለሠራተኛ ምቾት ተብሎ አይቆይ። በየሁለት እስከ አራት ሰዓቱ ሽንት መጣ ወይ ብሎ መጠየቅ አድካሚ ነው፣ ግን ኮሞድ (አልጋ አጠገብ የሚቀመጥ የሽንት ቤት ወንበር) ላይ ለመቀመጥ የተነሣ ሰው በዚያው ልምምዱን ሠርቷል።

"ሰው የለንም፣ ጊዜ የለንም" የሚለው መልስ እውነት ነው፤ የምናውቀው ነው። ስለዚህ አዲስ ዙር አንጠይቅም። ጠዋት በ12፣ በ4፣ በ8 እና ምሽት በ12 ሰዓት የሚለካው ግፊትና ሙቀት በዚያው ዙር መገልበጥን፣ የትከሻ አቀማመጥን፣ የአፍ ጽዳትን ይዞ ይሂድ፣ በመካከሉ ያለውን መገልበጥ የተማረው አስታማሚ ይሥራውና ነርሱ ይፈርምበት። ለሁሉም አንድ ገጽ ቅጽ ይበቃል። የሚያስፈልገው ዕቃም ብዙ አይደለም። ለአንድ ሕመምተኛ አምስት ትራስ ወይም ተጠቅልሎ የሚታሰር ብርድ ልብስ፤ ለስድስት አልጋ ፍሬናቸው የሚሠራ ሁለት ዊልቸር፣ አንድ ኮሞድ፣ አንድ ፐልስ ኦክሲሜትር (በጣት ላይ የሚደረግ የኦክስጅን መለኪያ)፣ ከነመመርመሪያ ወረቀቱ አንድ ግሉኮሜትር፣ የፒኤች ወረቀት። በየዋርዱ ተበትነው የሚተኙት የስትሮክ ሕሙማን በአንድ ጥግ ቢሰበሰቡ ዕቃውም ልምዱም አይበተንም። ፊዚዮቴራፒስቱ ለእያንዳንዱ ሽፍት ነርሶች ግማሽ ቀን አልጋው አጠገብ ያሠልጥን፣ የአንድ ሕመምተኛ ሃያ ደቂቃውም ነርሱ ባለበት ይሁን።

አስታማሚውን ማስተማርም በመውጫው ቀን ጠዋት የሚነገር ምክር መሆኑ ይቅር። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ማዞር፣ ማስቀመጥና ማብላት ራሱ ሠርቶ ያሳይ፣ በትክክል ሲሠራ ቅጹ ላይ ይፈረም። ንግግሩ የጠፋበት ሕመምተኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋው ይጠየቅ፤ ኦሮምኛ ወይም ጉራጊኛ ተናጋሪን በአማርኛ ብቻ አዝዞ "አይገባውም" ማለት ግምገማ አይደለም። በአንድ ጊዜ አንድ ትእዛዝ፣ ከነምልክቱ፣ ከዚያ ጥቂት መጠበቅ። ለቤቱ ሽንት ቤት መሐሉ የተቆረጠ ወንበር እንዲሠራ ለቤተሰቡ አስቀድሞ ይነገር። የመውጫው ወረቀት ለጤና ጣቢያውና ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የሚደርስ ሁለተኛ ቅጂ ይኑረው፤ የመጨረሻው የባርተል ቁጥር፣ የሚዋጠው የምግብ ዓይነት፣ የግፊት ግቡ፣ መድኃኒቱ የሚያልቅበት ቀን ይጻፍበት።

ሚኒስቴሩ ቅጹን ለሙከራ ቢያወጣው፣ ፈቃደኛ የሆኑ ሆስፒታሎችም ለሦስት ወር ቢጠቀሙበትና የአልጋ ቁስልን፣ የሳንባ ምችን፣ የትከሻ ሕመምንና የባርተል ለውጥን ቢመዘግቡ፣ ቅጹን በማዘጋጀትና ነርሶችን አልጋው አጠገብ በማሠልጠን ለማገዝ ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር፣
በውስጥ ደዌ ዋርዶች የምንሠራ ነርሶችና ፊዚዮቴራፒስቶች